ፈቃዱ ምን ይመዝናል? የሱስ ሕክምናና የመንግሥት ቁጥጥር



የዛሬው ርዕሴ ላይ ላዩን ሲያዩት ደረቅ ሊመስል ይችላል። የምናገረው የሱስ ሕክምና ለሚሰጡ ማዕከላትና ባለሙያዎች መንግሥት ስለሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ነው። ከዚህ ወረቀት ጀርባ ያለው ጥያቄ ግን የሕይወትና የሞት ጥያቄ ነው። ልጁን፣ ወንድሙን ወይም የትዳር ጓደኛውን ከመጠጥ ወይም ከሄሮይን ለማላቀቅ የጨነቀው ቤተሰብ በአንድ ማገገሚያ ማዕከል ደጃፍ ሲቆም፣ ውስጥ ያለው ሐኪም ይሁን አታላይ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚተማመነው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የፈቃድ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት በእርግጥ ምን እንደሚመሰክር መመርመር ያለብንም ለዚህ ነው። ማስረጃዬን በብዛት የማመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ ፈቃድ የመስጠቱ ሥልጣን በአብዛኛው የየክፍለ ግዛቱ በመሆኑ የተለያየ አሠራር ጎን ለጎን ታይቷል፤ ስህተቱም መፍትሔውም በአደባባይ ተመዝግቧል። በዚያች አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ በመሆናቸውም ነገሩ የሩቅ አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሬ አንድ ነው። አሜሪካ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በፈቃድ የተጠቀመችው በተገላቢጦሽ ነበር። ሕይወት እንደሚያተርፍ በተረጋገጠው መድኃኒት ላይ ሕጉ ጠበቀ፤ ጥቅማቸው ባልተረጋገጠ ቤቶችና ገንዘብ በሚዘዋወርባቸው መንገዶች ላይ ደግሞ ላላ። በሁለቱም በኩል ሰው ሞተ። ስለዚህ «ቁጥጥር ይብዛ ወይስ ይነስ?» የሚለው የተለመደ ሙግት ጥያቄውን ይስታል። ትክክለኛው ጥያቄ ቁጥጥሩ የት ላይ ይጥበቅ፣ የት ላይ ይላላ የሚለው ነው። መልሱም ጉዳቱ ባለበት ይጥበቅ፣ ጥቅሙ በተረጋገጠበት ይላላ ነው።

በመጀመሪያ፣ መንግሥት ለምን ጣልቃ ይገባል? ገዢውና ሻጩ ተስማምተው ቢጨርሱስ? በብዙ የንግድ ዘርፍ መጥፎ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ደንበኛው ይሸሸዋል፤ ወሬው ይዛመታል፤ ንግዱ ይከስራል። በሱስ ሕክምና ይህ አይሠራም። ታማሚው የሚመጣው በሕይወቱ እጅግ በደከመበት ሰዓት ነው። ቤተሰቡ የሚወስነው በአንድ ሌሊት ጭንቀት ነው፤ የአምስት ማዕከላትን ሥራ ለማነጻጸር ጊዜም ዕውቀትም የለውም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሕክምናው ሲከሽፍ ጥፋቱ የሚላከከው በታማሚው ላይ መሆኑ ነው። ዳሌው የተሰበረ ሕመምተኛ ከተጠገነ በኋላ ተመልሶ ቢሰበር ሐኪሙ ይጠየቃል፤ ከማገገሚያ የወጣ ሰው ተመልሶ ቢጠጣ ግን «ቆራጥነት አጣ» ይባላል እንጂ «ሕክምናው ደካማ ነበር» የሚል አይገኝም። ታማሚው ራሱ እንኳ ያፍራል፤ አይከስስም። ሻጩ በክሽፈቱ የማይጠየቅበት፣ ጭራሽ ያው ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ ዳግም የሚከፈለው ገበያ ራሱን በራሱ ሊያርም አይችልም።

ሌላው ምክንያት የሕክምናው አደገኛነት ነው። ለዓመታት በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጡን በድንገት ሲያቆም በቀናት ውስጥ የሚጥል ሕመም፣ ቅዠትና መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ነርስና መድኃኒት በሌለበት ቤት ይህ ይገድላል። ሄሮይንን በመሰሉ ኦፒዮይዶች በኩል ያለው አደጋ ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ሰውየው ለሳምንታት ንጹሕ ሆኖ ሲቆይ ሰውነቱ ዕፁን የመሸከም ልምዱን ያጣል። ከማዕከሉ ወጥቶ የቀድሞውን መጠን ቢወስድ ትንፋሹ ይቆማል። በ2017 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመና የብዙ አገሮችን ጥናቶች ያጠቃለለ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ከአንድ ሺህ ታማሚዎች መካከል ሜታዶን በተባለው የኦፒዮይድ ሱስ መድኃኒት ሕክምና ላይ ሳሉ በዓመት 11 ያህል ሲሞቱ፣ ከሕክምናው ከወጡ በኋላ ግን የሚሞቱት 36 ያህል ናቸው። እጅግ አስጊዎቹም ከሕክምና ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ናቸው። ስለዚህ «ሠላሳ ቀን አስተኝተን አጽድተን እንልካለን» የሚል ማዕከል፣ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ካላሰበ፣ ታማሚውን ከገባበት ይበልጥ ለሞት የቀረበ አድርጎ ሊያስወጣው ይችላል። ይህን አደጋ ቤተሰብ አያውቅም፤ የማወቅ ግዴታ ያለበት ፈቃድ ሰጪው ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። በ1914 የወጣው የሃሪሰን ሕግ ኦፒየምንና ኮኬይንን በምዝገባና በግብር ለመቆጣጠር የታሰበ ነበር፤ ሐኪም በሙያው ሲያዝዝ አይከለክልም። በ1919 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የዌብ ጉዳይ ተብሎ በሚታወቀው ክስ፣ የሱስ ታማሚ ተረጋግቶ እንዲኖር ብሎ መድኃኒቱን ማዘዝ የሕክምና ሥራ አይደለም ሲል ወሰነ። ሐኪሞች ተከሰሱ፤ በየከተማው ተከፍተው የነበሩት ክሊኒኮችም በጥቂት ዓመታት ተዘጉ። ሱስ ከሐኪም እጅ ወጥቶ በፖሊስና በወህኒ ቤት እጅ ወደቀ። በ1965 በኒውዮርክ ቪንሰንት ዶልና ማሪ ናይስዋንደር 22 የሄሮይን ታማሚዎችን በሜታዶን አክመው ውጤቱን ሲያሳትሙ፣ ሰዎቹ ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ መመለሳቸው ታየ። አገሪቱ ግን መድኃኒቱን የተቀበለችው በጥርጣሬ ዓይን ነበር። በ1972 የወጣው ደንብና በ1974 የወጣው ሕግ ሜታዶንን ለሱስ መስጠት የሚቻለው በልዩ ፈቃድ በተቋቋሙ ክሊኒኮች ብቻ እንዲሆን አደረጉ። ታማሚው በየማለዳው እየሄደ በነርስ ፊት መዋጥ ነበረበት። ያው ሐኪም ያንኑ ሜታዶን ለሕመም ማስታገሻ ቢያዝዘው ግን ማንኛውም መድኃኒት ቤት ይሸጠው ነበር። ልዩነቱ የመድኃኒቱ አልነበረም፤ ሕጉ የተጠራጠረው ታማሚውን ነው።

በዚህ ላይ ክፍለ ግዛቶቹ የራሳቸውን አጥር ጨመሩ። ዌስት ቨርጂኒያ በ2007 አዲስ የሜታዶን ክሊኒክ እንዳይከፈት አገደች፤ ያቺ ክፍለ ግዛት ደግሞ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በኦፒዮይድ ሞት አገሪቱን ስትመራ የቆየች ናት። በዋዮሚንግ ለረጅም ዓመታት አንድም እንዲህ ያለ ክሊኒክ አልነበረም። ቡፕረኖርፊን የተባለው ሁለተኛው መድኃኒት ሲመጣ፣ በ2000 የወጣው ሕግ ሐኪሞች በጽሕፈት ቤታቸው እንዲያዝዙት ፈቀደ፤ ነገር ግን ልዩ ሥልጠና፣ ልዩ ፈቃድና የታማሚ ቁጥር ገደብ አስቀመጠ። በመጀመሪያው ዓመት ከ30 ታማሚ በላይ ማከም አይቻልም ነበር። ሱሱን ያስፋፉትን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ለማዘዝ እንዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ አልተጠየቀም። በሽታ ለሚያመጣው በሩ ክፍት ሆኖ ለሚፈውሰው የተዘጋበት ሥርዓት ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። ይህ ልዩ ፈቃድ የተነሣው በ2022 ታኅሣሥ ነው፤ በዚያ ዓመት በአሜሪካ ከመጠን በላይ በተወሰደ ዕፅና መድኃኒት የሞቱት ከ100,000 በላይ ነበሩ።

አጥሩን ማላላት አደገኛ ነው የሚል ካለ፣ ማስረጃው ሌላ ይላል። ፈረንሳይ በ1995 ማንኛውም ጠቅላላ ሐኪም ቡፕረኖርፊን እንዲያዝዝ ስትፈቅድ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚደርሰው ሞት ወደ 80 ከመቶ በሚጠጋ መጠን ቀነሰ። በአሜሪካም በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የተረጋጉ ታማሚዎች እስከ 28 ቀን የሚበቃ ሜታዶን ወደ ቤታቸው እንዲወስዱ ተፈቀደ፤ የተፈራው የሜታዶን ሞት ጎርፍ አልመጣም። በ2024 አሠራሩ ቋሚ ደንብ ሆነ። ይሁንና እውነቱን ሳይቀንሱ መናገር ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ የቡፕረኖርፊን ልዩ ፈቃድ ከተነሣ በኋላ መድኃኒቱን የሚያገኙ ሰዎች ቁጥር እንደተጠበቀው አልዘለለም። ሐኪሞች አልሠለጠኑም፤ መድኃኒት ቤቶችም ፈሩ። ለዓመታት የቆመ አጥር ቢነቀልም ሰው ያንን መንገድ መፍራቱን ቶሎ አይተውም። አጥሩን መንቀል የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ የመጨረሻው አይደለም።

ወደ ላላው ወገን ስንዞር ደግሞ ፍሎሪዳን እናገኛለን። በ2008 የወጣው ሕግ ኢንሹራንሶች ለአእምሮ ሕመምና ለሱስ የሚሰጡትን ሽፋን ከሌላው ሕክምና ጋር እንዲያስተካክሉ አዘዘ፤ በ2010 የወጣው የጤና ማሻሻያ ሕግ ደግሞ ወጣቶች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጆቻቸው ኢንሹራንስ እንዲቆዩ ፈቀደ። ሁለቱም መልካም ሕጎች ናቸው፤ ብዙ ሰው አድነዋል። ነገር ግን ገንዘቡ ሲመጣ የሚቆጣጠር ዓይን አልተዘጋጀለትም። በዴልሬይ ቢችና በአካባቢው «ከሱስ ነጻ መኖሪያ» የተባሉ ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ። ሕክምናው የሚሰጥበት ማዕከል ፈቃድ ይጠየቃል፤ ታማሚው የሚያድርበት ቤት ግን አይጠየቅም ነበር። ደላሎች ጥሩ ኢንሹራንስ ያላቸውን ወጣቶች በነጻ ኪራይና በስጦታ እያባበሉ ወደ ቤቶቹ ያስገባሉ፤ የቤቱ ባለቤት ነዋሪውን ወደ ማዕከሉ እየላከ ኮሚሽን ይቀበላል፤ ማዕከሉ በሳምንት ደጋግሞ ሽንት እየመረመረ ለኢንሹራንሱ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላል። ልጁ ሲድን ገቢው ይቆማል፤ ሲያገረሽበት ግን ሽፋኑ እንደገና ይጀምራል። ትርፉ ያለው በሕመሙ ውስጥ ሆነ። በ2017 ከ27 ዓመት በላይ እስራት የተፈረደበት አንድ የማዕከላት ባለቤት ቀድሞ በወንጀል የተቀጣ ስለነበር፣ የፈቃድ ማመልከቻው ላይ የሰፈረው የሚስቱ ስም ነበር። ፈቃድ ሰጪው ወረቀቱን አይቶ ሰውየውን አላየም።

በአሪዞና የሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሜዲኬይድ የተባለው፣ ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሕክምና ወጪ የሚከፍለው የክፍለ ግዛቱ የመንግሥት መርሐ ግብር የአገሪቱ ነባር ሕዝቦችን የሚሸፍንበት የተለየ የክፍያ መስመር ነበረው፤ በዚያ መስመር ለአንዳንድ አገልግሎቶች የሚከፈለው አገልግሎት ሰጪው በጠየቀው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ነበር። አታላዮች ይህን ቀዳዳ አገኙ። የናቫሆና የሌሎች ነገዶች ተወላጆችን ከመንደራቸው፣ አልፎ አልፎም ከሌላ ክፍለ ግዛት ጭምር፣ በመኪና እየጫኑ ወደ ፊኒክስ አመጧቸው፤ ምግብና መኝታ ቃል ገቡላቸው፤ ባልተሰጠ ሕክምና ለመንግሥት ሒሳብ ላኩ። በቤቶቹ ውስጥ መጠጥና ዕፅ እንደልብ ይገባ ነበር። በግንቦት 2023 አገረ ገዥዋ ኬቲ ሆብስና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግዋ ክሪስ ሜይስ ከ100 በላይ ለሆኑ ድርጅቶች ክፍያ መቆሙን አስታወቁ፤ በኋላ ቁጥሩ ከ300 አለፈ። የናቫሆ መንግሥትም ተወላጆቹን ከጎዳና ፈልጎ ለመመለስ የራሱን ዘመቻ ጀመረ። የጠፋው ገንዘብ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። የምርመራ ጋዜጠኞች ደግሞ በፊኒክስ አካባቢ በእነዚህ ቤቶችና ማዕከላት ቢያንስ 40 የነባር ሕዝቦች ተወላጆች መሞታቸውን አረጋግጠዋል። እርምጃው የመጣው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ድርጅቶች ብዙዎቹ ከክፍለ ግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት የተሰጠ ሕጋዊ ፈቃድ ነበራቸው።

እንግዲህ ፈቃድ ምን ይመዝን? አራት ነገሮችን ይመዝን እላለሁ። የመጀመሪያው ሰው ነው፦ በእርግጥ ባለቤቱ ማነው፣ ታማሚውን በየቀኑ የሚያየው ማነው፣ ትምህርቱስ ምንድን ነው? ሁለተኛው ሕክምናው ነው፦ መጠጥ የሚያቆሙ ሰዎችን የሚቀበል ማዕከል ሌሊቱን የሚያድር ነርስ ሊኖረው፣ የኦፒዮይድ ታማሚ የሚቀበልም ሜታዶንን ወይም ቡፕረኖርፊንን ራሱ ሊሰጥ ወይም ወደሚሰጥ ሊያገናኝ ይገባል፤ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሚወስድን ሰው በሩ ላይ የሚመልስ ቤት ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም። ሦስተኛው ገንዘቡ ነው፦ ታማሚ ላመጣ ሰው የሚከፈል ኮሚሽን በወንጀል ይከልከል። አሜሪካ ይህን በፌዴራል ሕግ የከለከለችው በ2018 ነው። አራተኛውና ዋነኛው ታማሚው ከወጣ በኋላ የሚሆነው ነው። ማዕከሉ ስንት ሰው ሳይጨርስ እንደወጣ፣ ስንቱ ለቀጣይ ሐኪም እንደተላለፈ፣ ስንቱ በወጣ በጥቂት ወራት እንደሞተ የማሳወቅ ግዴታ ይኑርበት፤ መንግሥትም ከሞት መዝገብ ጋር ያመሳክረው። የአልጋ ስፋትና የግድግዳ ቀለም የሚለካ ፈቃድ ለመሙላት ይቀላል፤ የሚነግረን ግን ስለ ሕንጻው ብቻ ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ታካሚው ብዙ፣ ማዕከሉ ጥቂት ነው፤ ፈቃዱን ካጠበቃችሁ ያለውም ይዘጋል» የሚል ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው። በአሪዞና ክፍያው በድንገት ሲቋረጥ ብዙ ታማሚዎች ጎዳና ላይ ወድቀዋል፤ ስለዚህ ማንኛውም የመዝጋት ትእዛዝ ታማሚዎቹ የት እንደሚያድሩና ማን እንደሚያክማቸው የሚወስን ዕቅድ አብሮት መውጣት አለበት። ነገር ግን እጥረቱን የፈጠረው ምንድን ነው? ለረጅም ጊዜ ማንኛውም የመንደር ሐኪም ሊሰጠው የሚችለውን መድኃኒት በልዩ አጥር ማጠራችን ነው። ያን አጥር ማላላት አንድ ሕንጻ ሳይሠራ በሺህ የሚቆጠር የሕክምና በር ይከፍታል። መጥፎ አልጋ ደግሞ የጥሩ አልጋ ግማሽ አይደለም፤ ታማሚውን የመሸከም አቅሙን ቀንሶ የሚያወጣ ቤት ባይኖር ይሻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእምነት ወገን ይመጣል፤ ለእኛም ቅርብ ነው። «ሱስ የመንፈስም ጉዳይ ነው፤ መንግሥት ጸሎትን በፈቃድ ሊገዛ ነውን?» ይባላል። ቴክሳስ በ1997 በእምነት ላይ የተመሠረቱ የሱስ መርሐ ግብሮችን ከፈቃድ ነጻ ስታደርግ የተከራከረችው በዚህ ነበር። ያው ሕግ ግን ነጻ የወጡት ተቋማት የሕክምና አገልግሎት እንዳይሰጡ ይከለክላል። መሥመሩ እዚህ ነው። ጸሎት፣ ምክርና ወንድማማችነት ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ ብዙ ሰው ያቆሙ ናቸው። ነገር ግን የመጠጥ ታማሚን አስተኝቶ ከመጠጥ ማላቀቅ፣ ሰውን አስሮ ማቆየት፣ መድኃኒትህን ጣል ማለት የእምነት ሥራ ብቻ አይደሉም፤ በሰው አካል ላይ የሚፈጸሙ ናቸው፤ ሕግም ይመለከታቸዋል። በአገራችን ለዚህ ክርክር የከበረ ምሳሌ አለን። የኤችአይቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ትተው ወደ ፀበል በሚሄዱበት ጊዜ፣ በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉንና መድኃኒቱን አብረው መውሰድ እንደሚገባ በይፋ አስተምረዋል። እምነቱን ያልነካ፣ ሕይወትንም ያዳነ ቃል ነበር። ለሱስም ይኸው ይበቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ፈቃድ ወረቀት ነው፤ በአሪዞና ወረቀቱ እያላቸው ሰው ሞተ» የሚል ነው። ይህ ለእኔ ክርክር የሚያግዝ እንጂ የሚያፈርስ አይደለም። የከሸፈው አንዴ ተሰጥቶ የሚረሳ ፈቃድ ነው። ያለ ቀጠሮ የሚደረግ ጉብኝት፣ ውጤቱን ሕዝብ የሚያነብበት ግልጽ መዝገብ፣ ከፋዩ መሥሪያ ቤትና ፈቃድ ሰጪው የሚመሳከሩበት አሠራር ቢኖር ኖሮ፣ አንድ ትንሽ ቤት በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሲጠይቅ ደወሉ ቀድሞ በጮኸ ነበር። በተረፈ ቁጥጥሩ ከሱስ ያገገሙ ሰዎችን ከሰፈር ለማባረር ሰበብ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። በ1975 በሜሪላንድ የተጀመረው የኦክስፎርድ ሃውስ እንቅስቃሴ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ኪራዩን እየከፈሉ፣ ራሳቸው እየተዳደሩ አብረው የሚኖሩበት ነው፤ ሕክምና አይሸጥም፣ ኢንሹራንስም አያስከፍልም። እንዲህ ያለው ቤት ቤት ነው፤ የመኖር መብቱ ይከበርለት።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ምን ይላል? ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰውም መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክላለች። በአቅርቦቱ በኩል እርምጃ ተወስዷል። በሕክምናው በኩል ደግሞ የግል ማገገሚያ ማዕከላት እየተከፈቱ ነው፤ ፍላጎቱም እያደገ ይሄዳል። ይህ ጊዜ ወርቃማ ነው፤ ገበያው ገና ትንሽ ሳለ የሚጻፍ ደንብ፣ ከፍሎሪዳና ከአሪዞና በኋላ ከሚጻፍ ደንብ እጅግ ይሻላል። ደንቡ ማሰርንና መምታትን በግልጽ ይከልክል፤ ከአረቄ የሚላቀቅ ሰው ነርስ ባለበት እንዲተኛ ያዝዝ፤ በአንጻሩ አንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ መሠረታዊ የሱስ ሕክምና ለመስጠት ሲነሣ የልዩ ፈቃድ ተራራ አይጫንበት። በውጭ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ዘመዳችሁን ለማዕከል ከመስጠታችሁ በፊት የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁ፤ የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ያደረገውን የፍተሻ ውጤት አንብቡ፤ ሌሊት ማን እንደሚያድር፣ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ይፈቀዱ እንደሆነ፣ በወጣ ማግስት ማን እንደሚቀበለው አስመልሱ። የአውሮፕላን ትኬት ገዝቼ በነጻ አስቀምጣለሁ የሚል ደላላ ከመጣ ራቁት።

ሱስ ያለበት ሰው ዜጋ ነው። ለልብ ሕመምተኛ የሚጠየቀው የሙያ ብቃት ለእርሱም መጠየቅ አለበት፤ ለስኳር ሕመምተኛ የሚከፈተው የመድኃኒት በርም ለእርሱ መከፈት አለበት። የመንግሥት ፈቃድ ይህን ካላረጋገጠ የሚያተርፍበት ነጋዴው ብቻ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪዎችን የምንጠይቃቸው ስንት ማዕከላት መዘገባችሁ ብለን መሆን የለበትም፤ በመዘገባችኋቸው ማዕከላት ያለፉት ሰዎች ከዓመት በኋላ ስንቱ በሕይወት አሉ ብለን ነው። ለዚህ ጥያቄ በቁጥር መልስ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት እስኪኖረን ድረስ ጥያቄውን ማንሳት አናቁም።